ጀግናው ከፊት፣ ካውያው ከመጋረጃ ጀርባ

ሰው ስለ ወንድሞቼ ሲያወራ መስማት ደክሞኛል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አጥንቴ ድረስ ደክሞኛል። ሁለት ወንድሞች አሉኝ። አንዱ ጦር ሜዳ ሄዷል፣ አንዱ አልሄደም። አንዱ በሁለት እግሩ ይሄዳል፣ የአንዱ ግራ እግር ከጉልበቱ በታች የለም። ይኼን የሰማ ሰው ሁሉ ቀሪውን በራሱ ያሟላዋል፣ ሰፈራችንም አሟላው። ችግሩ ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑ ነው። ጦር ሜዳ የሄደው ታላቁ ነው፤ እንደ ሄደ ሙሉ አካሉን ይዞ ተመለሰ። እግሩን ያጣው ታናሹ ነው፤ ያውም መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሲያራግፍ የጭነት መኪና ወደ ኋላ መጥቶበት። ከአንድ ቤት አንድ ሰው ሲባል ታላቁ ሄደ፣ ታናሹ ቤቱን ሊያስተዳድር ቀረ፣ ሲያስተዳድርም ያ ሆነ።

እኔ የሁለቱም ታላቅ ነኝ። ላውንደሪ አለኝ። ከፊት ባንኮኒ፣ መሃል ላይ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ማጠቢያዎቹና መተኮሻው። ታናሹ ቀኑን ሙሉ መቆም ስለማይችል ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ ልብስ ይቀበላል፣ ቁጥር ያስራል። ታላቁ ከኋላ በእንፋሎት ታፍኖ ይተኩሳል። እኔ እድፍ አስለቅቃለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እጨቃጨቃለሁ።

በሩ ሁልጊዜ ክፍት ስለሆነ ባንኮኒው ጋ ብርድ ነው። ታላቁ ከጦርነት ለብሶት የመጣውን ካፖርት ሊያቃጥለው ሲል ታናሹ «ምነው! እንዲህ ያለ ወፍራም ጨርቅ ይቃጠላል? ለኔ ስጠኝ» ብሎ ወሰደው። ክንዱ ላይ የክፍለ ጦሩ ምልክት እንደተሰፋ ነው። በቃ፣ ካፖርቱና ክራንቹ አንድ ላይ ታዩ። ወደዚህ ሰፈር ገብተን ዕቃችንን እንኳ ሳንፈታ ታናሹ «ጀግናው» ተባለ።

ሐሰት አይሁንብኝ፣ መጀመሪያ ላይ ሊያስረዳ ሞክሯል። አንዱ ደንበኛ «ወንድሜ፣ እግርህን የት ነው…» ብሎ ጀመረና ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። «ተወው ተወው፣ ቁስልህን አልነካካም።»

«ኧረ የመኪና አደጋ ነው» አለው ታናሼ።

«አየሽ?» አለኝ ሰውዬው ወደኔ ዞሮ፣ ዓይኑ እንባ እያቀረረ። «እውነተኛ ጀግና እንዲህ ነው። አያወራም!»

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? ለአንዱ ሲያስረዳ ሌላው ይመጣል፤ ሲደክመው ተወው። አውቶቡስ ላይ ይነሡለታል። የትም ወረፋ አይዝም። አንዲት የማናውቃት ሴትዮ መንገድ ላይ እጁን ስማው ሄደች፤ እሱ ያን ቀን ምሳውን አልበላም።

ታላቁ ደግሞ «ካውያው» ነው ስሙ። ጤነኛ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ፊቱ ላይ ጭረት የሌለበት ሰው መጋረጃ ጀርባ የሴት ቀሚስ ሲተኩስ ሲያዩት ዓይናቸው ይቀላል። አንድ ጡረተኛ ደንበኛ አለን፣ ዕድሜ ልኩን ቢሮ የሠራ። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን ማንም አያስገድደኝም። ሱሪው ላይ ያለው መስመር እንደ ምላጭ ካልሆነ አይወድም። በመጣ ቁጥር መጋረጃውን ገለጥ ያደርግና «አይ የዛሬ ጎረምሳ! እኩዮቹ ጥይት ሲተኩሱ እሱ ቀሚስ ይተኩሳል» ይላል። ከዚያ እስኪያስለው ይስቃል። ያችኑ ቀልድ! ሌላ እንኳ አይፈጥርም። እኔ ደሜ ይፈላል፣ ወንድሜ ሱሪውን አጥፎ በወረቀት ይጠቀልልለታል።

«ለምን አትነግረውም?» አልኩት አንድ ቀን።

«እትዬ፣ በሞቴ ተይኝ። የሚጠይቁት እሱን ነው፣ እኔን ማንም አይጠይቀኝም። ይኼ ለኔ ዕረፍት ነው።»

«ሲሰድቡህስ?»

«ስድብ መልስ አይፈልግም። እኔን የሚከብደኝ ጥያቄ ነው» አለና እንፋሎቱን ለቀቀው። ስለ ጦርነቱ ከዚያ በላይ ነግሮኝ አያውቅም።

በኛ ሥራ ደግሞ ደንበኛ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ጥቁር የለበሰች ሴት የወንድ ሙሉ ልብስ ይዛ ከገባች ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሰው ሞቶባታል፣ ልብሱ ታጥቦ ለሌላ ሊሰጥ ነው። ምንም አትጠይቃትም። አንገትህን ደፍተህ ትቀበላለህ፣ ኪሱን እሷ ፊት አትፈትሽም፣ «ለመቼ ይድረስልሽ?» አትልም። ይኼን ለታናሼ ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

አንድ ጠዋት አንዲት እናት መጡ። ጠይም፣ አጠር ያሉ ሴት ናቸው፤ ከቀሚስ እስከ ሻሽ ጥቁር በጥቁር። ክንዳቸው ላይ ግራጫ ሱፍ አንጠልጥለዋል። ባንኮኒው ጋ ቆመው መጀመሪያ ካፖርቱን አዩ፣ ቀጥሎ ክራንቹን።

«ጀግናው የሚሉህ አንተ ነህ ልጄ?»

ታናሼ ፈገግ አለ። «ይሉኛል እናቴ።»

«ክንድህ ላይ ያለው ምልክት የልጄ ክፍለ ጦር ነው አሉኝ። ድልድዩ ጋ ሲዋጉ የነበሩት።» የልጃቸውን ስም ነገሩት። «ረዥም ነው። ግራኝ ነው። ታውቀው እንደሆነ ብዬ ነው የመጣሁት።»

እኔ ጎኑ ቆሜ አንድ ሸሚዝ ላይ የቀለም እድፍ እያሸሁ ነበር። ታናሼ ሱፉን አየ፣ ጥቁሩን አየ። አንጀቱን በሉት፣ ፊቱ ላይ አየሁት። ከዚህ በፊትም ልጅ የሞተባቸው እናቶች መጥተው ያውቃሉ፣ ግን «እኔ በሌላ በኩል ነበርኩ» ብሎ ይሸኛቸው ነበር። የዚያን ቀን ምን እንደነካው እንጃ።

«አውቀዋለሁ እናቴ» አለ። «አይዞዎት። ምንም አልተሰቃየም። አጠገቡ ነበርኩ፤ እንደ እንቅልፍ ነው የወሰደው።»

«ማን ነው ያልተሰቃየው?» አሉ እናትየዋ።

ሸሚዙን ጥዬ ቀና አልኩ።

እናትየዋ በአንድ እጃቸው ባንኮኒውን ያዙ። «እኔ እኮ» አሉ፣ በጣም በቀስታ፣ «ሲመጣ ንጹሕ ሆኖ እንዲጠብቀው ብዬ ነው ያመጣሁት። ጥቁሩ የባለቤቴ ነው። ባለቤቴ ነው የሞተው።»

ይባስ ብለው ደግሞ አመሰገኑት! «እግዜር ይስጥህ ልጄ። ቁርጤን ነገርከኝ። ጦሩ ወረቀት እንኳ አልላከልኝም» ብለው፣ ሱፉን ባንኮኒው ላይ ትተው ወጡ። ታናሼ «እናቴ፣ ቆዩ!» ብሎ ሲነሣ ክራንቹ ተንሸራተተበትና መሬት ወደቀ። እሱን ላንሣ ስል እሳቸው መንገዱን ተሻግረው ሄደዋል።

«አንተ! ምን ነካህ?» ጮህኩበት። «የማታውቀውን ሰው ትገድላለህ?»

«ጥቁር ለብሰው፣ ሱፍ ይዘው… እትዬ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታስቢ ነበር?»

እንደሱው ነበር የማስበው። ያ ነው ያናደደኝ።

ታላቁ ይኼን ሁሉ አልሰማም፤ ከኋላ ማሽኑ ሲጮህ ሌላ ነገር አይሰማም። ለምሳ ሲወጣ ሁለታችንን ተኮራርፈን አገኘን። ነገርኩት። የልጁን ስም ስጠራ እዚያው የቆሸሸ አንሶላ ክምር ላይ ቁጭ አለ።

«ግራኙ?» አለ።

«እሳቸውም ግራኝ ነው ብለዋል።»

«አልሞተም እኮ። ሲማረክ አይቼዋለሁ። በእግሩ እየሄደ ነበር።» ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ ወደ ታናሹ ቀና ብሎ «ምነው ዝም ብትል ኖሮ» አለው። ያለው ይኼን ብቻ ነው። አልተቆጣም። ታናሹ ግን ቢመታው ይሻለው ነበር።

ቤታቸውን አፈላልገን እስክናገኝ ማግሥቱ ሆነ። እኔ ታናሹን «የምትሄደው አንተ ነህ፣ ያበላሸኸውን አስተካክል» ብዬ አፋጠጥኩት፤ ታላቁ ግን «ያየሁት እኔ ነኝ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ» ብሎ ብቻውን ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። የሸሚዙ ኮሌታ ተቀዷል።

«ምን ሆንክ?»

«ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል። ያ ጡረተኛ በሩ ላይ ነበር፣ ጎረቤታቸው ኖሯል። ልጁን አውቀዋለሁ፣ በሕይወት አይቼዋለሁ ስለው ‹አንተ ደግሞ የት አየኸው? ከመጋረጃው ጀርባ?› አለኝ። ሰው ሳቀ።»

«ለቅሶ ቤት?»

«ለቅሶ ቤት። ከዚያ ‹በእናት ኀዘን ይቀልዳል› ብለው ገፍትረው አወጡኝ። እሳቸው ጋ እንኳ አልደረስኩም።» ሸሚዙን አውልቆ የሥራ ሽርጡን አሰረ። «አላመኑኝም እትዬ። የቀረውን ልብስ አምጪልኝ።»

እና ሊተኩስ ገባ! አንዲት እናት ላልሞተ ልጇ ደረቷን እየደቃች፣ እሱ አንሶላ ሊተኩስ! ያኔ ነው እኔ የገነፈልኩት። ማጠቢያውን አጠፋሁ፣ ማሽኑን ነቀልኩ፣ በጠራራ ፀሐይ ሱቁን ዘጋሁ። ትኩሳት ይዞኝ እንኳ ዘግቼ አላውቅም። «ተነሡ ሁለታችሁም» አልኳቸው። «አንዳችሁ መናገር የማይችል፣ አንዳችሁ ዝም ማለት የማይችል! እግዜር ሁለት ወንድም ሰጥቶኝ አንድ ሰው አልሞላ አላችሁኝ።»

ቤቱ አንዲት ክፍልና በረንዳ ናት። ግማሹ ወንበር የጎረቤት ነው፣ ግማሹ የትምህርት ቤት አግዳሚ፤ እናትየዋ ትምህርት ቤት ያጸዳሉ አሉ። እሳቸው ጥጉ ላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ታናሼ ሲገባ ለቀስተኛው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣለት፣ «ጀግናው መጣ» እየተባባለ መንገድ ከፈተ። ካውያውን ከኋላ ሲያዩ ማጉረምረም ጀመሩ። ጡረተኛው ሊመጣብን ሲል በክርኔ መለስኩት።

ታናሼ መሃል ላይ ቆመ። ክራንቹን ብብቱ ሥር እንደያዘ ካፖርቱን ለማውለቅ ይታገል ጀመር፣ አንዱ እጅጌ እምቢ አለው። ማገዝ ፈለግሁ፣ አላገዝኩትም።

«እናቴ፣ ዋሽቼዎታለሁ» አለ። «እኔ ጦር ሜዳ ሄጄ አላውቅም። እግሬን የወሰደው የጭነት መኪና ነው። ልጅዎትን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ሱፉን ይዘው ሳይዎት የሞተብዎት መሰለኝ፣ ላጽናናዎት ብዬ ነው። ካፖርቱ የወንድሜ ነው። እዚያ የነበረው እሱ ነው።»

ጡረተኛው ራሱን ነቀነቀ። «አያችሁ? የሳቸውን ኀዘን ሊያቀል፣ የወንድሙንም ስም ሊያነሣ ክብሩን ሲጥል! የጀግና ልብ ማለት…»

«አንቱዬ» አልኩት፣ «እባክዎን አፍዎን ይዝጉ!» ደንበኛዬ ነው፤ ቢሆንም አልኩት።

እናትየዋ እጃቸውን አነሡ። ዓይናቸው አብጧል፣ ድምፃቸው ግን ደርቋል። «ሁላችሁም ዝም በሉ። አንተ፣ የምትተኩሰው፣ ና ወደዚህ። ልጄን ካወቅከው እዚያ ሆኖ ምን ያወራ ነበር?»

ወንድሜ ተጠግቶ ቆመ። ዓይኑ በሩ ላይ ነበር፤ ትቶን የሚወጣ መሰለኝ። የሚከብደኝ ጥያቄ ነው ያለኝ ትዝ አለኝና አሳዘነኝ።

«ስለ እርስዎ ነበር የሚያወራው» አለ በመጨረሻ። «ትምህርት ቤት እያለ አስተማሪው ግራ እጁን በማስመሪያ እየመታ ‹በቀኝህ ጻፍ› ይለው ነበር። አንድ ቀን እርስዎ ኮሪደሩን ሲያጸዱ በመስኮት ያዩታል። መጥረጊያዎን እንደያዙ ክፍሉ ውስጥ ገብተው አስተማሪውን በዴስኮቹ መሃል ያሯሩጡታል። ርዕሰ መምህሩ ሊገላግል ሲመጣ እሱንም አንዴ አቀመሱት። ምሽግ ውስጥ ስንፈራ ‹እስቲ የእናትህን ንገረን› እንለው ነበር። እየሰማን እንስቃለን። ሁላችንም በቃላችን ይዘነው እንኳ ንገረን እንለው ነበር።»

እናትየዋ ትክ ብለው አዩት።

«መጥረጊያ አይደለም» አሉ። «የወለል መወልወያ ነው። እርጥቡን።»

«አዎ» አለ ወንድሜ። «እርጥብ ነበር። አስተማሪው ልብሱን ሊቀይር ቤቱ ሄደ ይል ነበር።»

ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ሊስቅ ሲል አነቀው። ወንድሜ ግን አንዴ ከጀመረ ማቆም ያቃተው ይመስላል። «ድልድዩ በተያዘ ቀን እኔ ቦይ ውስጥ ተኝቼ ነበር። እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ከሌሎቹ ጋር ሲያልፍ አየሁት። አልቆሰለም፣ በእግሩ ይሄድ ነበር። እሱም አየኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን፣ ከዚያ ቶሎ ፊቱን አዞረ። ወደኔ እያየ ቢቆይ ኖሮ ያገኙኝ ነበር። ለዚያ ነው ያዞረው።»

ቤቱ ተናወጠ። «በሕይወት አለ!» እያሉ የሚጮኹ፣ የሚያለቅሱ፣ እናትየዋን የሚስሙ። ጡረተኛው ወገቡን ሰብሮ መጣና የወንድሜን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። «ይቅርታ ጀግናችን! እንዴት ዝም ትለናለህ? ና ንገረን፣ ያ ቀን እንዴት ነበር…»

«ሱሪዎ ሐሙስ ይደርሳል» አለው ወንድሜና እጁን አስለቀቀ።

ታናሼን ዞር ብዬ ፈለግሁት። ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ካፖርቱ እግሩ ሥር ወድቋል። ለሱ የተነሡት ሰዎች ተመልሰው ተቀምጠዋል፤ ወንበር ያቀረበለት የለም። ከነዚያ ሁሉ ሰዎች አንዱ እንኳ «መኪናው እንዴት አገኘህ? በጣም አመመህ?» አላለውም። ለመኪና የሚነሣ ሰው የለማ! ያንኑ ክራንች፣ ያንኑ የጎደለ እግር እያዩ ዓይናቸውን ያሸሹ ጀመር። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

እናትየዋ አልተነሡም። የሚስማቸውን ሰው ሁሉ ትንሽ ታገሡትና «በቃ፣ ወደየቤታችሁ ግቡ» አሉ። «ወንበሩንም ለየባለቤቱ መልሱ። እግዜር ይስጥልን።» ሰው እያቅማማ ወጣ። እኛ ሦስታችን ልንወጣ ስንል ታላቁን «አንተ ቆይ» አሉት፤ እኛም በሩ ላይ ቀረን።

«ይመጣል?» አሉት።

«አላውቅም እናቴ።»

«በሕይወት አለ?»

«ያኔ ነበረ። አሁን አላውቅም። እኔ አልዋሽዎትም።»

እናትየዋ ሻሻቸውን ፈትተው እንደገና አሰሩት። «ትናንት ተኝቼ ነበር» አሉ። «ወንድምህ ሞቷል ካለኝ በኋላ አለቀስኩ አለቀስኩና ተኛሁ። ልጄ ከሄደ ጀምሮ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። በር ቢንኳኳ እንኳ አልሰማም ነበር። አሁን ደግሞ እንደ ድሮዬ ጆሮዬን በሩ ላይ ጥዬ ልደር ነው።» አልተቆጡም። ደክሟቸው ነው።

«ይቅር ይበሉኝ» አለ ወንድሜ።

«አንተ ምን ታደርግ። እውነት ነው የነገርከኝ።»

ወንድሜ ይሰናበታል ስል ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት እያየ «እኔም አልተኛም» አለ። «ከተመለስኩ ጀምሮ።»

«ምን ታደርጋለህ ታዲያ?»

«ቁጭ ብዬ ይነጋል።»

«እንግዲያው እዚህ መጥተህ ተቀመጥ» አሉት። «እኔም ብቻዬን ነኝ።»

እሱ እሺ ሲላቸው እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እኔና እሱ ከአንድ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ ነው የምናድረው። ጠዋት ጠዋት ቀድሞ ተነሥቶ ሳገኘው «ዛሬም ማለዳ ተነሣህ፣ ጎበዝ!» ነበር የምለው። እንቅልፍ እንደሌለው ለኔ ነግሮኝ አያውቅም። እኔም ጠይቄው አላውቅም።